ሆድ ሲሞላ የሚመጣ ማስነጠስ
አባቴ ጠግበው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ያስነጥሳሉ። «ይማርዎት» ስንላቸው «ያኑራችሁ» ይላሉ። እንግዳ ካለ በበርበሬው ያሳብባል። የበርበሬው ግን ሌላ ነው፤ ሚጥሚጣና አዋዜ የአፍንጫን ነርቭ ስለሚያስቆጡ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ አፍንጫ ያፈስሳሉ፣ ያስነጥሳሉም። የአባቴ ግን አልጫም ቢበሉ ሆዳቸው ሲሞላ ብቻ የሚመጣ ነው። ይህ ባሕርይ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲወራረስ ታይቶ በ1989 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል፤ አንዱ ወላጅ ካለበት ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው። የተወጠረ ጨጓራ አፍንጫን እንዴት እንደሚቀሰቅስ ሳይንስ ገና አልደረሰበትም። በሽታ አይደለም። ማሳከክ፣ የከንፈር ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ግን የምግብ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።