የሐኪም እጅና ገቢ፦ አዲስ ስፔሻሊስት በባሕር ዳር የአካል ጉዳት መድን ሲመርጥ

የአካል ጉዳት መድን ሰው በአደጋ ወይም በሕመም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው የሚቀርበትን ገቢ በከፊል የሚተካ መድን ነው። ከጤና መድን ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። የጤና መድን የሚከፍለው ለመታከሚያ ነው፤ ይህኛው የሚከፍለው ሰውዬው ቤት ውሎ ሳለ ለኪራይ፣ ለአስቤዛና ለልጆች ትምህርት ቤት ነው። በጣና ዙሪያ የጤና መድን እንግዳ ነገር አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው ፎገራና በደቡብ ምዕራብ ያለው ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። ገቢን መድን መግባት ግን ገና አልተለመደም። እድርም በዋናነት የሚደርሰው ለሞት እንጂ በሕይወት ኖሮ መሥራት ላቃተው ሰው አይደለም።

ጉዳዩ አዲስ ስፔሻሊስትን ከማንም በላይ የሚመለከተው በጊዜው ምክንያት ነው። ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን ስድስት ሰባት ዓመት ያስፈልጋል፤ ሬዚደንሲው (የስፔሻሊስትነት ስልጠናው) ደግሞ ቢያንስ ሦስት፣ በቀዶ ሕክምና አራት፣ በአንዳንዱ ዘርፍም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል በስፔሻሊስትነት ሥራ የሚጀምር ሰው ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቷል። ብዙውን ጊዜ የሚረዳቸው ታናናሾችና ወላጆች አሉት፤ ቁጠባ ግን የለውም። ሀብቱ ገና ወደፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ያ ሥራ ደግሞ በሁለት ዓይን፣ በአንድ ወገብና በአሥር ጣት ላይ የቆመ ነው።

የዚህን ክብደት ለማየት የጉዳትን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ የሚቀመጥበትን ክፍል ማሰብ በቂ ነው። እጁ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሾፌር ማኅደሩን ይዞ ይገባል። ጣቶቹን እንዲያጥፍ፣ እንዲዘረጋ፣ የሐኪሙን እጅ እንዲጨብጥ ይጠየቃል። ራጁ ብርሃን ላይ ይሰቀላል፤ በመጨረሻም ወረቀቱ ላይ «ቋሚ ጉዳት» ተብሎ በመቶኛ ይጻፍለታል። ያንን ወረቀት የሚፈርመው ወጣት ቀዶ ሐኪም አመልካች ጣቱ ላይ ያው ጉዳት ቢደርስበት የሚጻፍለት መቶኛ ያው ነው። ሾፌሩ ግን በዚያ እጅ መሪ ሊጨብጥ ይችል ይሆናል፤ ሐኪሙ ክር ማሰር ካቃተው የአራት ዓመት ስልጠናው እዚያው ያበቃል። መድን ሲመረጥ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል፦ ውሉ የሚከፍለው ለአካሉ ነው ወይስ ለሙያው?

ከመድን ኩባንያ ደጅ ከመድረስ በፊት ሕጉ የሚሰጠውን ማወቅ ይገባል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት፣ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ጤናው ለሥራ ብቁ ያልሆነ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ የ10 ዓመቱ ግዴታ ይቀርና አበሉ የወር ደመወዙ 47 በመቶ ይሆናል። ስሌቱ የሚነሳው ግን ከመደበኛው ደመወዝ ነው። የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያ፣ የፕራይቬት ዊንግ (በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ በክፍያ የሚሰጥ የግል ሕክምና) ድርሻ፣ ማታ ማታ በግል ክሊኒክ በፐርሰንት፣ ማለትም ታካሚው ከሚከፍለው ተካፍሎ፣ የሚገኘው ገንዘብ እዚያ ውስጥ የለም። የብዙ ስፔሻሊስቶች ቤት የሚቆመው ደግሞ በዚሁ ገንዘብ ነው።

በግል ሆስፒታል ተቀጥሮ ለሚሠራ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ጉዳት ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት እንዲከፈለው ያዛል፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ በቀሪዎቹ ስድስት ወራት 50 በመቶ። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ የአምስት ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ያገኛል። ይህ ግን ለተቀጠረ ሰው ነው። በፐርሰንት የሚሠራ ሐኪም ከክሊኒኩ ጋር ያለው ወረቀት የቅጥር ውል መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማየት አለበት።

ሁለቱም ሕጎች በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጥራሉ፤ ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው። ሳንባ ነቀርሳ፣ በመርፌ መወጋት የሚተላለፍ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ ከዚህ ይመደባሉ። ችግሩ ማስረጃው ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ቀዶ ሕክምና ላይ ቆሞ መርፌ የወጋው ሬዚደንት ጓንቱን ቀይሮ ሥራውን ይጨርሳል፤ ሲነጋ ይተኛል፤ ጉዳዩም ይረሳል። ያ ስህተት ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በዚያው ቀን የሚመዘገበው ሪፖርትና የሚወሰደው የመጀመሪያ የደም ምርመራ ደግሞ ሐኪሙ ከአደጋው በፊት ነፃ እንደነበረ የሚያሳይ ብቸኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

በመድኑ በኩል፣ ይህ ዓይነቱ ሽፋን ጎልብቶ የሚገኘው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ነው። እዚያ ሬዚደንሲውን ሊጨርስ የተቃረበ ሐኪም ለብቻው ውል ይገዛል። ዋናው ቃል «የራስ ሙያ» የሚለው ትርጓሜ ነው፦ ቀዶ ሐኪሙ ቀዶ ማድረግ ካቃተው፣ ሌላ ቦታ እያስተማረ ደመወዝ ቢያገኝ እንኳ ይከፈለዋል። ክፍያው የሚጀምረው ከመጠበቂያ ጊዜ በኋላ ነው፤ የተለመደው 90 ቀን ነው። የሚዘልቀውም እስከ 65 ወይም 67 ዓመት ዕድሜ ነው። በከፊል መሥራት ለቻለ ሰው የሚከፈል ሽፋንና ገቢ ሲያድግ ያለ አዲስ የጤና ምርመራ ሽፋኑን የማሳደግ መብት በተጨማሪ ይገዛሉ።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ሐኪም የመድን ቢሮ ገብቶ ሲጠይቅ በአብዛኛው የሚቀርብለት ከዚህ ይለያል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ገበያውን ለብቻው ይዞ ቆየ፤ የግል ኩባንያዎች የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዛሬ ሥራቸው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 746/2004 ሲሆን፣ ተቆጣጣሪያቸው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ድርጅቱም በርካታ የግል ኩባንያዎችም በከተማዋ ቅርንጫፍ አላቸው። ለግለሰብ የሚሸጡት በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የግል አደጋ መድን፣ ሁለተኛው ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳትን የሚሸፍን ተጨማሪ አንቀጽ ሊታከልበት የሚችል የሕይወት መድን።

የግል አደጋ መድን አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚሸፍነው በድንገት፣ ከውጭ የመጣ አደጋን ነው። ባጃጅ ተገልብጦ ክንድ ቢሰበር ይከፍላል። ወባ፣ የደም ሥር መዘጋት፣ የዲስክ መንሸራተት ወይም ካንሰር ከሥራ ቢያስቀር አይከፍልም። ክፍያው በሠንጠረዥ የተሰፈረ ነው። ለምሳሌ በ1,000,000 ብር ውል ሠንጠረዡ ለአንድ ጣት 10 በመቶ ቢመድብ፣ ሐኪሙ የሚያገኘው 100,000 ብር ነው፤ ሙያው መቅረቱ አይቆጠርለትም። ስለዚህ መደራደር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሐኪሙ እጅና ዓይን በልዩ መቶኛ እንዲታሰብ፣ ይህም በተጨማሪ አንቀጽ ተጽፎ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ መጠየቅ ይቻላል። ኩባንያው ላይስማማ ይችላል፤ አረቦንም ሊጨምር ይችላል፤ በቃል የተነገረ ተስፋ ግን ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ዋጋ የለውም። ለየብቻ ከመሄድ ይልቅ የአንድ ዲፓርትመንት ስፔሻሊስቶች ተሰባስበው የቡድን ውል ቢጠይቁ የመደራደር አቅማቸው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ውሉን ሲያነቡ ከመጀመሪያው ገጽ ይልቅ የማይሸፈኑት የተዘረዘሩበት ገጽ ይበልጣል። ጦርነት፣ የእርስ በርስ ግጭትና ሁከት በተለምዶ ከመደበኛው ውል ውጭ ናቸው። በአማራ ክልል ለሚኖርና ለሥራ ከወረዳ ወረዳ ለሚንቀሳቀስ ሐኪም ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም፤ በፖለቲካ ሁከት ለሚደርስ ጉዳት ለብቻው የሚገዛ ሽፋን መኖሩን ቢሮው ላይ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ሞተር ሳይክል መንዳትም ብዙ ጊዜ ተለይቶ ይወጣል። ወደ ዘጌ በጀልባ የሚመላለስ ሰውም የውኃ ጉዞ መሸፈኑን ያረጋግጥ።

የሕይወት መድኑ ተጨማሪ አንቀጽ ሕመምንም ሊያካትት ይችላል፤ «ሙሉ» የሚለው ቃል ግን ጠባብ ነው። «ማናቸውንም ሥራ መሥራት ያልቻለ» ከሚል፣ «በትምህርቱና በልምዱ የሚመጥነውን ሥራ መሥራት ያልቻለ» የሚል ውል ለስፔሻሊስት በብዙ ይሻላል። የአደጋ መድን በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ ኩባንያው ላያድስ ይችላል፤ የሕይወት መድኑ ግን ለረጅም ዘመን የሚገባ ነው።

ማመልከቻው ላይ ያለው የጤና ጥያቄ በእውነት ይሞላ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁኔታ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ሐኪሞች ራሳቸውን በራሳቸው የማከም ልማድ አለን። ለወገብ ሕመም ጓደኛ ያነሳልን ኤምአርአይ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በአቋራጭ ያየነው የጉበት ምርመራ ካርድ ላይ ባይጻፍም እናውቀዋለን፤ የምናውቀውን መጻፍ አለብን። ጤና ሳለ የተገባ መድን የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ምንም የሚገለጽ ነገር በሌለበት ዕድሜ ፎርሙ አጭር ነው፣ አረቦኑም ቀላል ነው።

የመድኑን መጠን በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት ትልቅ የመሰለ የመድን መጠን ዛሬ የዚያን ያህል አይገዛም። ውሉ ሲታደስ የወር ወጪን፣ የክሊኒኩን ገቢና የቤተሰቡን ብዛት በአንድ ወረቀት ጽፎ ከቁጥሩ ጋር ማስተያየት ይበቃል። የውሉና የማመልከቻው ቅጂ ቤት ይቀመጥ፤ የት እንዳለም የትዳር ጓደኛ ወይም ታናሽ ወንድም ይወቅ፤ ምክንያቱም አደጋው በደረሰበት ሳምንት ለኩባንያው ማሳወቅ የሚችለው ሆስፒታል የተኛው ሰው ላይሆን ይችላል።