የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት

በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በገዳሙ አበምኔት ስም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ተብሎ የሚታወቅ አራቱ ወንጌል አለ። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ሲሆን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም በውስጡ ይገኛል። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማየት የገዳሙን ዕቃ ቤት ማስከፈት ነበረበት። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ፎቶ በኢንተርኔት ይታያል፤ ብዙውንም ያለ ክፍያ መመልከት ይቻላል። ይሁን እንጂ ፎቶው ብቻውን ታሪክ አይሆንም። መጽሐፉ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተጻፈና ምን እንደያዘ የሚናገር መግለጫ ካልታከለበት፣ ለአብዛኛው ሰው ያማረ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ሁሉ መሠረት የተጣለው ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት በመተባበር የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍትን አቋቋሙ። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት የተገኙ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ አንድ ጉዳት ነበረው፦ ጸሐፊዎቹ ለቅዱሳን ስሞችና ለምዕራፍ መነሻ የተጠቀሙበት ቀይ ቀለም ደብዝዞ ግራጫ ሆነ። የሥዕሎቹም ቀለም ጠፋ። በዚያ ዘመን መሣሪያ ግን ከዚህ የተሻለ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር፤ ፊልሞቹም ኋላ ወደ ዲጂታል ተቀይረው ለአንባቢ ቀርበዋል።

እነዚያን ፊልሞች ወደ ታሪክ ምንጭነት የለወጡት በዋነኛነት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው ሽባ ከሆኑ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት ኮሌጅቪል ውስጥ ሠሩ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንብበው እያንዳንዱ ምን እንደያዘ፣ በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ (በገጹ ዳር ባለው ባዶ ቦታ) ማን ምን እንዳሰፈረ መዘገቡ። ከእርሳቸው በፊት ሥራውን ከጀመሩት ከዊልያም ማኮምበር ጋር ያዘጋጇቸው የካታሎግ ቅጾች ዛሬም የዘርፉ ምርኩዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 ዐረፉ። በአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ያህል የግእዝ መጽሐፍ አንብቦ ለሌላው ያስረከበ ሌላ ምሁር ለመጥራት እቸገራለሁ።

የማይክሮፊልሙ ሥራ በብዛት ያተኮረው በመሀል አገርና በአካባቢው በመሆኑ ትግራይ ሳይዳሰስ ቀርቶ ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዴኒስ ኖስኒትሲን መሪነት በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ብራናዎችን በባለቀለም ፎቶ አነሣ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ደግሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ ከተባሉት የ15ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ታሪክ ጋር ስሙ የተሳሰረውን የጉንዳ ጉንዶ ገዳም ስብስብ ለእይታ አበቁ። በአረብኛና በዐጀሚ (በአረብኛ ፊደል በሚጻፉ የአገር ቋንቋዎች) የተጻፉት የሐረርና የወሎ እስላማዊ ጽሑፎች ዘግይተው ትኩረት አግኝተዋል፤ በኮፐንሃገን በአሌሳንድሮ ጎሪ የተመራው ጥናት የሚጠቀሰው በዚህ ረገድ ነው።

አንድ ገጽ በስክሪን ላይ ሲከፈት ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በዋናው ጽሑፍ ላይ ነው። ታሪክ ፈላጊ ግን ወደ ባዶዎቹ ቅጠሎችና ወደ ኅዳጉ ይመለከታል። ገዳማት የተሰጣቸውን ጉልት፣ ማለትም የመሬት ስጦታ፣ የሚመዘግቡት በወንጌላቸው ላይ ነበር፤ ንጉሡ ማን እንደሆነ፣ መሬቱ የት እንደሚገኝ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የገድልን ገናናነት የሚያነብ ሁሉ እነዚህን ደረቅ የሚመስሉ መዝገቦችም ቢያነብ እመኛለሁ፤ ሕዝቡ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና። በመጽሐፉ መጨረሻም ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል ውግዘት ይገኛል፦ «ዘሰረቆ ወዘተአገሎ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን ቀምቶ የወሰደውንና የባለቤቱን ስም የፋቀውንም ያወግዛል። በእርግጥም በብዙ ብራናዎች ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ተጽፎበት ይታያል፤ ጥሩ ፎቶ ሲጎላ የተፋቀው ፊደል ፍንጭ አንዳንዴ ብቅ ይላል።

ዘመን መቁጠር ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። የጥንት ጸሐፊዎች ዓመተ ዓለም፣ ዓመተ ሰማዕታትና ዓመተ ምሕረት እያሉ በተለያየ ስሌት ይቆጥሩ ነበር። ከዚህም የሚብሰው፣ በቀድሞ ጽሑፎች ዓመተ ምሕረት የሚባለው ብዙ ጊዜ በ532 ዓመት የሚዞረውንና ሲሞላ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ የሚጀምረውን ዐቢይ ቀመር የሚከተል መሆኑ ነው። ከነዚህ ዑደቶች አንዱ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1348 ነው። ስለዚህ «በ100 ዓመተ ምሕረት» የሚል ጽሑፍ በዚያ ዑደት ከሆነ የሚያመለክተው 15ኛውን ክፍለ ዘመን ነው። ይህን ሳያውቅ ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሠራጭ ሰው መጽሐፉን በሺህ ዓመት በላይ ሊያስረጀው ይችላል።

በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ታሪክ የሚያካፍሉ ወጣቶች ሥራ ትልቅ ዋጋ አለው። ግእዝ ያልተማረ ሰው ከአክሱም የድንጋይ ጽሑፍና ከገድል ጋር የሚተዋወቀው በእነርሱ በኩል ነው። የጎደለው የምንጭ ጥቆማ ነው። ፎቶው የትኛው መጽሐፍ፣ የስንተኛው ቅጠል ፊት ወይም ጀርባ እንደሆነ ቢጻፍ ተመልካቹ ራሱ ሄዶ ያረጋግጣል። ለዚህም በሐምቡርግ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሌሳንድሮ ባውሲ መሪነት የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ የኢንተርኔት መረጃ ቋት ይረዳል፤ ለግእዝ ድርሰቶች መለያ ቁጥር እየሰጠ ከየቅጂዎቻቸው ጋር ያገናኛቸዋል። ችግሩ የቋንቋ ነው። የጥንቶቹ ካታሎጎች በላቲንና በፈረንሳይኛ፣ የአሁኖቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ድጓ የሚያስተምር የጎጃም መምህር ስለ ራሱ መጽሐፍ የተጻፈውን ማንበብ አለመቻሉ አሳዛኝ ነው፤ የአማርኛ መግለጫ ማዘጋጀት ለአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገባ ሥራ ነው።

ፎቶው በባዕድ እጅ ብቻ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከእነርሱ መካከል አንድ ክብረ ነገሥት ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተመልሷል። ላይብረሪው ብዙዎቹን በኢንተርኔት ካቀረበ በኋላ በጥቅምት 2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ገጾቹ ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ፎቶ ቅጂ በገዳሙና በአዲስ አበባም መቀመጥ አለበት። በትግራይ ጦርነት ወቅት ተዘርፈዋል የተባሉ ብራናዎች በኢንተርኔት የሽያጭ ገጾች ላይ መታየታቸውም ተዘግቧል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገኝ ሻጩ የባለቤቱን ስም ሊፍቀው፣ ማኅደሩን (የቆዳ መያዣውን) ሊለውጠው ይችላል። ቁመቱ፣ የቅጠሉ ብዛትና የኅዳጉ ጽሑፍ ከፎቶ ጋር አስቀድሞ ከተመዘገበ ግን ከየትኛው ደብር እንደወጣ ማስረዳት ይቻላል።