የሚልስ-ራይንከ ክስተት ምንድን ነው?

አንድ ከተማ የሚጠጣውን ውኃ ሲያጣራ ታይፎይድ ይቀንሳል፤ ይሄ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከውኃ ጋር ዝምድና ያላቸው የማይመስሉ ሞቶችም አብረው መቀነሳቸው ነው። የሚልስ-ራይንከ ክስተት የሚባለው ይኸው ነው።

ሃይረም ሚልስ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ዮሃን ራይንከ የጀርመኗ ከተማ የሃምቡርግ የጤና ሹም ነበሩ። የአሜሪካዋ ከተማ ሎረንስና ሃምቡርግ በ1893 (እ.ኤ.አ.) ማጣሪያ ከሠሩ በኋላ ሁለቱ ሳይነጋገሩ የሟቾችን መዝገብ አገላበጡ፤ ያዩት አንድ ሆነ።

ሃምቡርግ ይህን የሠራችው ተገርፋ ነው። በ1892 ኮሌራ ገብቶ 8,600 ያህል ሰው ፈጅቶባታል። የኤልቤን ወንዝ ውኃ ሳታጣራ ነበር በቧንቧ የምትለቀው። ጎረቤቷ አልቶና የምትቀዳው ከዚያው ወንዝ፣ ያውም ከሃምቡርግ ፍሳሽ በታች ነበር፤ ግን በአሸዋ ታጣራለች። ድንበር በሆነው መንገድ ላይ በሃምቡርግ ወገን ያሉት ቤቶች ሬሳ ሲያወጡ ማዶ ያሉት ደህና ነበሩ። በሃምቡርግ ክልል ሆኖ ውኃው ከአልቶና የሚመጣለት አንድ ግቢም ነበር፤ እዚያ አንድም ሰው አልታመመም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ውኃው በአሸዋው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ሲውል ሲያድር ከላይ አተላ የመሰለ ስስ ሽፋን ይጋገርበታል። ጀርሙን የሚይዘው በአብዛኛው ይህ የሚያስጠላ ነገር ነው! ወፍሮ ውኃ አላሳልፍ ሲል በአካፋ ይገፈፋል።

ታዲያ ሌላው ሞት ለምን ቀነሰ? በተቅማጥ የተመዘገቡት ሕፃናት ብዙዎቹ የሞቱት በዚያው ውኃ ነበር። ታይፎይድ ያደቀቀው ሰው ደግሞ ድኖ፣ ከወራት በኋላ በሳንባ ወይም በልብ ሕመም ሊሞት ይችላል፤ መዝገቡ ላይ ታይፎይድ የሚል አይኖርም።

መሐንዲሱ አለን ሄዘን በ1904 ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው፦ ከታይፎይድ አንድ ሰው ሲተርፍ፣ ከሌላ ሞት ሁለት ሦስት ይተርፋሉ አለ። ከንቲባ ለማሳመን ግሩም ቁጥር ነው። እኔ ግን በሙሉ ልብ አልቀበለውም፤ በእነዚያው ዓመታት ምግቡም መኖሪያውም እየተሻሻለ ነበር። በ2005 ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች ከታየው የሞት መቀነስ ግማሽ ያህሉ የማጣሪያና የክሎሪን ውጤት ነው ብለው ነበር። ሌሎች መረጃውን መልሰው ሲፈትሹት ድርሻው በብዙ አነሰ። ማጣሪያ የሕፃናትን ሞት መቀነሱ ግን በእነሱም ስሌት ጸንቷል።