«ጥንቸል ናት የበላችው!» እና ሌሎች የጓሮ ስሕተቶች

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አሥራ አራት እግር ጎመን ትቼ ሄድኩ። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ አሥራ አራት ጉቶ ጠበቀኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። ሐበሻ በበዛበት በዚህ አካባቢ ሙቀቱ ሲገባ ከየቤቱ ጀርባ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በሶብላና ጤና አዳም አይጠፋም፤ ስለ ጓሮ የማይመክርም የለም። በዚያን ቀን እስከ ማታ ስድስት ምክር ተቀበልኩ። አብዛኛው ከልብ የተሰጠ ነበር፤ የሚሠራ ግን አልነበረበትም።

«ጥንቸል ናት የበላችው»

ጥንቸል ሣር ላይ ተቀምጣ በዓይን ስለምትታይ ሁልጊዜ ተከሳሿ እሷ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ፍርድ ከመስጠት በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ጉቶውን ማየት ይገባል። ጥንቸል ከላይም ከታችም ስለታም የፊት ጥርስ ስላላት የነከሰችው ግንድ በቢላዋ በሰያፍ የተቆረጠ ይመስላል። አጋዘን ደግሞ በላይኛው መንጋጋው የፊት ጥርስ የለውም፤ ቅጠሉን ይዞ ስለሚነጨው ጫፉ የተተለተለ ሆኖ ይቀራል። ከወገብ ከፍ ብሎ የተነጨ የቲማቲም ቅርንጫፍ ካያችሁ ጥንቸሏን በነፃ አሰናብቷት።

እኔን የመራኝ ሰዓቱ ነው። ጥንቸልም አጋዘንም በአብዛኛው የሚሰማሩት ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። የእኔ ጎመን ያለቀው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከዕቃ ማስቀመጫዋ ጎጆ ሥር ዞር ብዬ ባይ የሰው ጭንቅላት የሚያስገባ ጉድጓድ፣ አፉ ላይ ደግሞ ትኩስ የአፈር ክምር አገኘሁ። ባለቤቱ ግራውንድሆግ ነበር። ለማያውቀው ሰው፦ ድብልብል ያለ፣ ቡናማ፣ እግረ አጭር፣ ከሁለት እስከ ስድስት ኪሎ ግራም የሚመዝን የአይጥ ወገን ነው። ቅዝቃዜውን ወራት ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ስለሚያሳልፍ ሙቀቱ ሳያልፍ ስብ ማጠራቀም አለበት። ስቡን ያጠራቀመው በእኔ ጎመን ነው።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ዛፍ ለዛፍ የሚዘለውን ባለ ረጅም ጅራት ስኩዊረል ብዙዎቻችን «ሽኮኮ» እንለዋለን። የአገር ቤቱ ሽኮኮ ግን ጅራት የለውም፤ የሚኖረውም ገደል ላይ ነው። ከስኩዊረል ይልቅ የሚዛመደው ከዝሆን ጋር ነው። አጋዘን የምንለውም ቢሆን ቀንዱ የሚጠማዘዘው የአገራችን አጋዘን አይደለም።

«አጥር ካለ ሥጋት የለም»

አጥሩ ለማን እንደታጠረ ካላወቅን ሥጋቱ እንዳለ ነው። ለጥንቸል ቀዳዳው ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይበልጥ፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ መረብ ግርጌው መሬት ላይ ከተቸነከረ ይበቃል። አጋዘን ግን ያንን እንደ ደጃፍ እርከን ይራመደዋል፤ ለእሱ 2 ሜትር ከ40 ያህል ቁመት ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ጠባብ ቦታ ውስጥ ዘሎ መግባት ስለሚፈራ ትንንሽ መደብ ዙሪያ ዝቅ ያለ አጥርም ሊመልሰው ይችላል።

ግራውንድሆግ ሁለቱንም ያሾፍባቸዋል፤ ሲፈልግ ይቆፍራል፣ ሲፈልግ ይወጣል። ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ገብቶ ጫፉ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት፤ ሲቆፍር እግሩ ሽቦ ላይ ያርፍና ተስፋ ይቆርጣል። የላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ከምሰሶው ጋር ሳይታሰር ልል ሆኖ ይተዋል። እንስሳው ሲወጣ ሽቦው ወደ ኋላ ይዞት ይወድቃል። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። አንድ ቅዳሜ ከኩሽናው መስኮት ስመለከት ጌታው እስከ አጥሩ አናት ወጣ፣ ሽቦው ተለመጠ፣ በጀርባው ተዘረጋ። ተነሥቶ ዙሪያውን ተመለከተና፣ ማንም እንዳላየው ሁሉ፣ እያዘገመ ሄደ።

«የሚያቃጥል ቃሪያ አውሬ አይነካውም»

ማቃጠሉ ያለው ፍሬው ውስጥ፣ በተለይም ዘሩን በያዘው ነጭ ክፍል ላይ ነው። ቅጠሉና ለጋ ግንዱ የሚያቃጥል ነገር ስለሌለው አጋዘን አናቱን ገንጥሎ ይበላዋል። ወፍ ደግሞ ፍሬውንም ትበላዋለች፤ የቃሪያ ማቃጠል አጥቢ እንስሳትን እንጂ ወፍን አይሰማትም። ዘሩም ሳይፈጭ በሆዷ አልፎ ሌላ ቦታ ይበቅላል።

ሚጥሚጣ በውኃ በጥብጦ መርጨትስ? ለጥቂት ቀን ይሠራል። ዝናብ ሲዘንብ ታጥቦ ይሄዳል፤ የሜሪላንድ ሐምሌ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ አይቀርም። ሚጥሚጣው ከአገር ቤት በሰው በሰው የመጣ ከሆነ ለክትፎው ይቆይ ባይ ነኝ።

«ናፍታሊን በትንበት»

ይህን የመከሩኝ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው። «ልጄ፣ ሽታውን ሲሰማ ጥሎ ይጠፋል» ብለው ግማሽ ካርቶን ይዘውልኝ መጡ። እሳቸውን መቃወም ከባድ ስለሆነ ተቀብዬ አስቀመጥኩት፤ አልበተንኩትም። ናፍታሊን የተሠራው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የልብስ ብልን በጋዙ እንዲገድል ነው። ሜዳ ላይ ጋዙ ይበተናል፤ እንስሳውን የሚያባርር ኃይል የለውም። ኬሚካሉ ግን ምግብ የምናበቅልበት አፈር ውስጥ ይገባል፤ ነጭ ከረሜላ መስሎት አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ወይም ውሻም አይጠፋም። በአሜሪካ ሕግም የተባይ መድኃኒትን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀም ክልክል ነው፤ የናፍታሊን ማሸጊያ ጓሮ ላይ በትኑት አይልም። ጎመን በጤና የሚል ሕዝብ ጎመኑን ናፍታሊን ላይ ማብቀሉ አይገባኝም።

የቡና አተላም እንዲሁ ይመከራል። እሱ እንኳ እንደ ናፍታሊን አይከፋም፤ ለማዳበሪያ ክምር መልካም ነው። እንስሳ ያባርራል የሚለውን ግን የእኔው ጥንቸል አተላው ላይ ተቀምጣ ሰላጣ በመብላት አፍርሳዋለች።

«ወጥመድ ግዛና ጫካ ወስደህ ልቀቀው»

ደግነት ይመስላል። በቨርጂኒያ ሕግ ግን የዱር እንስሳ አጥምዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ሌሎች ብዙ ክፍለ ግዛቶችም ቢያንስ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ አንደኛው በሽታ ነው፤ የታመመ ራኩን (ዓይኑ ዙሪያ ጭንብል ያጠለቀ የሚመስለው የሌሊት አውሬ) መኪና ላይ ጭኖ ሌላ ሠፈር ማራገፍ የእብድ ውሻ በሽታን ማጓጓዝ ነው። ሁለተኛው፣ እንስሳው ምግብና መጠለያ የት እንዳለ በማያውቅበት፣ ሌሎች በያዙት ግዛት ውስጥ ይጣላል፤ ብዙውን ጊዜም አይተርፍም። በመራቢያው ወቅት ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ የቀሩ ግልገሎች ይኖሩ ይሆናል።

ግልገል ካነሳን፦ ሣር ውስጥ ብቻቸውን የተገኙ የጥንቸል ልጆች ወላጅ አልባ ናቸው ማለት አይደለም። እናታቸው ጠላት እንዳትጠራባቸው በቀን ትርቃቸዋለች፤ የምታጠባቸው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የአጋዘን ግልገልም እንደዚያው ነው። የሰው እጅ ከነካቸው እናታቸው ትተዋቸዋለች የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ቢሆንም አለመንካቱ ይሻላል።

«በቀን የወጣ ራኩን አብዷል»

የግድ አይደለም። የምታጠባ ራኩን ስለሚርባት በቀንም ትወጣለች። የሚያሠጋው ሰዓቱ ሳይሆን አኳኋኑ ነው፦ መንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት መተናኮል፣ የኋላ እግርን መጎተት። ይህን ያየ ሰው ርቆ ቆሞ ለካውንቲው የእንስሳት ቁጥጥር ይደውል።

ኦፖሰም፣ ማለትም ግልገሉን በሆዱ ኪስ የሚያሳድገው የሌሊት እንስሳ፣ ደግሞ ሃምሳ ጥርሱን ሲያሳይ ያስደነግጣል እንጂ የእብድ ውሻ በሽታ እሱ ላይ እምብዛም አይገኝም። በተቃራኒው ስለ እሱ የሚወራው ውዳሴም የተጋነነ ነው። በአንድ ወቅት ውስጥ አምስት ሺሕ መዥገር ይበላል የሚለው ወሬ የመጣው በቤተ ሙከራ ከተያዙ ጥቂት እንስሳት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የሠላሳ ሁለት ኦፖሰሞችን ሆድ ዕቃ መርምሮ አንድም መዥገር አላገኘም።

«እባብ እባብ ነው»

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እኔም ከቲማቲሙ ድጋፍ ሥር ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ ሳይ የውኃ ጎማ መስሎኝ ልጎትተው ስል ነው ራሱን ያነሣው። ወደ ቤት የገባሁበትን ፍጥነት አልናገርም። ሰውዬው አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጥቁር የአይጥ እባብ ነበር፤ መርዝ የለውም፣ ሥራው አይጥ መብላት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ መርዛማዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ ኮፐርሄድና የደን ራትልስኔክ። ኮፐርሄድ መልኩ መዳብ ሲሆን ጀርባው ላይ የሚያርፉት ጥቁር ቡናማ መቀነቶች አናቱ ላይ ጠበው ጎንና ጎን ይሰፋሉ። የአይጥ እባብ ጫጩቶች ግራጫና ዝንጉርጉር ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በኮፐርሄድ ስም ይገደላሉ። የማይታወቅ እባብ ሲታይ መራቅ ነው እንጂ አካፋ ማንሣት አይደለም፤ ሊገድል ሲጠጋ የሚነደፍ ሰው ጥቂት አይደለም።

«ጎመን የክረምት ነው፣ ሰኔ ላይ ይዘራል»

አገር ቤት እውነት ነው። የእኛ ክረምት ዝናብና ብርድ ነው። የእዚህ ሰኔና ሐምሌ ግን ሠላሳ አምስት ዲግሪ የሚደርስ ወበቅ ነው፤ የሐበሻ ጎመን ቶሎ አበባ ይመታና ይመርራል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ወይም ለመኸር ነሐሴ ላይ መዝራት ይሻላል። አበባ ከመታ ደግሞ ዘሩን ሰብስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ ያለ ምንም የነዳጅ ድብልቅ በባዮ ነዳጅ ብቻ የበረረው አውሮፕላን ነዳጁ የተሠራው ከዚሁ የጎመን ዘር ዘይት ነው።

«ትሉ ላይ ያለው ነጭ ነገር እንቁላሉ ነው፣ ጨፍልቀው»

ቲማቲም ላይ የሚወጣ፣ ጣት የሚያህል፣ ኋላው ላይ ቀንድ ያለው አረንጓዴ ትል አለ። በሁለት ቀን ቅርንጫፉን ራቁቱን ያስቀረዋል፤ ለቅሞ መግደሉ ተገቢ ነው። ከእነዚህ አንዱን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሳገኝ ጀርባው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ቆመውበት ነበር። እትዬ «ሳይፈለፈል!» ብለው ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። እንቁላል አልነበረም። ከትንኝ ብዙም የማትበልጥ ተርብ እንቁላሏን ትሉ ሥጋ ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቹ ውስጥ ለውስጥ ይበሉትና ቆዳውን በስተው ወጥተው ጀርባው ላይ ጎጇቸውን ይፈትላሉ። ትሉ ከዚያ ወዲያ ቅጠል አይበላም።

እትዬን ለምኜ ተውነው። ከጥቂት ቀን በኋላ የነጫጮቹ አናት እንደ ድስት ክዳን ክብ ሆኖ ተከፍቷል፣ ትሉ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ አንዲት ጥቁር ተርብ ብቻ ክንፏን እያደረቀች ጠርዙ ላይ ቆማለች። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡና ለረጅም ጊዜ ሳይናገሩ አዩዋት።