ቀሲሱ ብቻቸውን አልተላኩም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ነገሬ ከጎጃም ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ለአገልግሎት ስለሚላኩ አረጋዊ ቄስና ስለ ባለቤታቸው ዝግጅት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሽማግሌዎችና ስለ አሮጊቶች አገልግሎት አንድ በአንድ ዘርዝሮ የጻፈው ለደሴት ነው። ቲቶን የተወው በቀርጤስ ነበር፤ የጎደለውን እንዲያቃና፣ በየከተማውም ቀሳውስትን እንዲሾም (ቲቶ 1፥5)። በምዕራፍ 2 ሽማግሌዎቹ ጭምቶችና በትዕግሥት የጸኑ እንዲሆኑ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ወደ አሮጊቶቹ ይዞራል፤ የማያሙ፣ በጎውን የሚያስተምሩ፣ ወጣት ሴቶችን የሚመክሩ ይሁኑ ይላል። ባሕር በከበበው ጠባብ ምድር ሰው ከሰው አይሸሸግም። ዐርባ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ተኳርፈው እንዴት እንደሚታረቁ ጎረቤት ሁሉ ያያል። ከስብከቱ በፊት የሚነበበው ይህ ነው።

ጎጃም ደሴት አያውቅም አይባልም። ደቅን፣ ዳጋን፣ ክብራንን እናውቃለን፤ ታንኳ ላይ ያደግንም አለን። የጣና ደሴት ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጣፋጭ ውኃ መካከል ነው፤ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። የካሪቢያን ደሴቶች ሌላ ዓለም ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ወደዚያ ከተሻገረች ግን ቆይታለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን የጎበኙት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልእክተኛ ካህን ተልኮ ማስተማርና ማጥመቅ ተጀመረ። ዘፋኙ ቦብ ማርሌ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ መጠመቁን፣ በግንቦት 1973 ዓ.ም ሲቀበርም ፍትሐቱ በእኛው ሥርዓት መደረሱን የደሴቱ ሰው ዛሬም ያነሣል። ዳዊት «ብዙ ደሴቶችም ደስ ይበላቸው» ያለው (መዝ. 96/97፥1) በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ከበሮ ሲመታ ሌላ ጣዕም አለው።

እንግዲህ አንድ አረጋዊ ቄስ ከነባለቤታቸው ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ሲታጩ እኛ የምናዘጋጀው እሳቸውን ብቻ ነው። ልብሰ ተክህኖው፣ የእጅ መስቀሉ፣ መጻሕፍቱ፣ የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ። ለባለቤታቸው በርበሬና ሽሮ ይቋጠርላቸዋል፤ አለቀ። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀሲሱ ደርሰው በማግስቱ ሥራ አላቸው፤ ባርክ ይሏቸዋል፣ ይጠይቋቸዋል። እሳቸው ጸሎት ላይ ሲሆኑ ባለቤታቸው ቋንቋው በማይገባቸው ሰፈር ቤት ዘግተው ይቀመጣሉ፤ የጽዋ ማኅበር የለ፣ ዕድር የለ፣ «ቡና ጠጡ» ብላ የምትጠራ ጎረቤት የለች። ከጥቂት ወራት በኋላ «አገሬ መልሱኝ» ይመጣል። ሰው ሁሉ ሙቀቱ ነው ይላል። ሙቀቱ አይደለም፤ ሥራ ስላልተሰጣቸው ነው።

ሥራው ደግሞ ሞልቷል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ይቆማል። በደሴቶቹ አምኖ የሚጠመቀው ብዙ ጊዜ ዐዋቂ ነው፤ የሚመጣውም ብቻውን ነው፣ በሃይማኖቱ የሚመስለው ዘመድ የለውም። አዲስ ለተጠመቀች የሁለት ልጆች እናት እንዴት እንደሚጾም፣ ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፣ ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ለክርስትና እንደሚመጣ፣ እሷ ራሷ መቼ ወደ ቤተ መቅደስ እንደምትገባ የምትነግራት ሴት ያስፈልጋታል። ይህን ቀሲሱ ሊያስተምሩት ይችላሉ፤ እሷ ግን እሳቸውን አትጠይቅም፣ ታፍራለች። ስለዚህ ባለቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ስድስት ወር ያህል ይማሩ፤ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ሥርዓተ ጾም፣ መቶ ያህል የእንግሊዝኛ ቃልና ዐሥራ አምስት ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ጥምቀተ ክርስትና የሚፈጥረው ዝምድና ጋብቻን እንደሚከለክልም አጥርተው ይወቁ። ማኅበረ ምእመናኑ ትንሽ በሆነበት ደሴት፣ ማን ለማን የክርስትና እናት እንደሆነ በመዝገብ ካልተያዘ ከዓመታት በኋላ ለሠርግ ሲመጡ ጣጣው ይፈነዳል።

ለቀሲሱ ከባዱ ቁጥር ነው። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ በደሴቱ አንዳንድ እሑድ እሳቸውና አንድ ዲያቆን ብቻ ይገኛሉ። ከዲማ ወይም ከዋሸራ ቅኔ ቤት የወጣ ሊቅ ይህን ሲያይ ይከፋዋል፤ ቅኔውን የሚሰማለትም የለም። አምስቱ የማይሞሉበት እሑድ ግን ባዶ እሑድ አይደለም፤ ኪዳን ይደረሳል፣ ወንጌል ይነበባል፣ ይተረጐማል። በአስተርጓሚ ሲሰብኩ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ሃያ ደቂቃ ያሰቡት ዐርባ ይሆናልና ግማሹን ቤት ይተዉት። ሰምና ወርቅ ደግሞ አይሻገርም፤ ወርቁን ብቻ ይስጡ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ የሚያዩ ሰዎች፣ ራስ ተፈሪያን የሚባሉት፣ ይመጣሉ። እነዚህን ከበር መመለስም፣ ዝም ብሎ ማጥመቅም ጥፋት ነው። ሰውዬው ኢትዮጵያን በመውደድ ነው የመጣው፤ ያ ፍቅር በር ነው። «ጃንሆይ ራሳቸው በልጅነታቸው በማን ስም ተጠመቁ? በቤተ ክርስቲያን ቆመው ለማን ሰገዱ?» ብሎ ጀምሮ ወደ ሥላሴ ስም ማድረስ ወራት ይወስዳል። የሚቸኩል ካህን እዚህ አይሆንም። ይህን ሥራ ሽማግሌ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥጋው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ፣ ወደ ባሕር ጠርዝ የወረደ አረጋዊ ሙቀቱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በእነዚህ ሳምንታት ረጅም አገልግሎት አይያዝ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥም ቶሎ አይሰማውም፤ ውኃ በሰዓት እንጂ በጥም አይጠጣም። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ በሙቀት ላይ ሰግዶ ሲነሣ ዐይኑ ይጨልማል፤ ይወድቃል። ስለ መድኃኒቱ መጠን ከጉዞ በፊት ሐኪም፣ እስከ 9 ሰዓት ስለመጾምና ስለ ስግደቱ የንስሐ አባት ይጠየቁ። የሦስት ወር መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ የሚጫነው ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል።

የባሕር ዳር ከተማ ሰው ወባን ስለሚያውቅ ማታ አጎበር ዘርግቶ ተረጋግቶ ይተኛል። እዚያ የሚያሰጋው ዴንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ነው፤ ትንኟ የምትነድፈው ቀን ነው፣ በተለይ ማለዳና ከመምሸቱ በፊት። የምትራባውም ረግረግ ላይ ሳይሆን በግቢ ውስጥ በቆመ ንጹሕ ውኃ ነው፤ የአበባ ማሰሮ፣ አሮጌ ጎማ፣ አዎ፣ የጠበል በርሜልም። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ በየሳምንቱ ተደፍቶ ግድግዳው ይፈተግ፣ እንቁላሉ እዚያ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና። ትኩሳት ከመጣ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይወሰድም፤ ደም ያፈሳሉ።

ለጾም ምግብ አይጠፋም፤ ካላሉ የሚሉት ጎመን መሳይ ቅጠል፣ ካሳቫ፣ የዳቦ ፍሬ፣ ኮኮናት አለ። አኪ የተባለውን የጃማይካ ፍሬ ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ብቻ ይብሉ። ዛፉ ላይ በራሱ ካልተከፈተ መርዝ ነው፤ ተከፍቶም ጥቁሩ ዘርና ቀዩ ክር ይጣላል። መርዙ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ የስኳር በሽታ ኪኒን ውጦ ሲጾም ለዋለ አዛውንት ደግሞ ይህ እጥፍ አደጋ ነው። የእንጀራ ሊጥ በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ በአንድ ቀን ይኮመጥጣል። እንጀራውም ማቀዝቀዣ ካልገባ ቶሎ ይሻግታል። ቡና አገሩ ራሱ ያበቅላል፤ ጀበናውን ብቻ ይዘው ይሂዱ። የቀሲሱ ባለቤት በሳምንት አንድ ቀን ቆልተው የሚያፈሉት ቡና ከብዙ ጉባኤ ይበልጣል፤ ሴቶቹ ያፈሩበትን ጥያቄ የሚያወጡት ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው።

እርጥበቱ ንዋየ ቅድሳትን ይበላል። የከበሮው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል፤ ከማኅሌት በፊት ጥቂት ፀሐይ ያሳዩት። ብራና ግን ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ይጨማደዳል፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይቀመጥ። የከፋይ ካባ በሣጥን ተዘግቶ ከከረመ ሻጋታ ያወጣል። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ በባሕሩ ጨው ይዝጋል።

የዓውሎ ነፋሱ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ጫፉ የሚደርሰው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው። እኛ አበባ ስናይ እነሱ መስኮት በጣውላ ይመታሉ። ሜሊሳ የተባለው ዓውሎ ነፋስ ጃማይካን በመጨረሻው በአምስተኛው ደረጃ የመታው ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም ነበር። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውኃ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ቢቻል ለሁለት ሳምንት ይጠራቀም። ፓስፖርትና የጥምቀት መዝገብ በማይበሰብስ ላስቲክ ይታሸግ። ታቦቱ ወዴት እንደሚዛወር ወቅቱ ሳይገባ ይወሰን፤ ነፋሱ ከጀመረ በኋላ ይዞ የሚወጣ ካህን ራሱንም አያተርፍም። መሐል ላይ ድንገት ጸጥ ቢል፣ ያለፈ መስሎ አይወጣም፤ ያ የዓውሎው ዐይን ነው፣ ነፋሱ ከተቃራኒ አቅጣጫ ይመለሳል።

ከልጅ ልጆች ጋር መነጋገርም ሰዓት አለው። ኪንግስተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ ረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ባሕር ዳር ምሽቱ 12 ነው። ለሁለቱም ወገን የሚመቸው ይኸ ነው።

በመጨረሻ ደብዳቤው። የመኖሪያ ፈቃዱ በቀሲሱ ስም ብቻ ሲወጣ ባለቤታቸው በእሳቸው ላይ ጥገኛ ሆነው ይመዘገባሉ። እሳቸው በዚያ ቢያርፉ፣ ሐዘን ላይ ያለች ባልቴት ቋንቋውን በማታውቀው ቢሮ ወረፋ ትጠብቃለች። ይህ እንዳይሆን የላኪው ደብር ደብዳቤ የሁለቱንም ስምና አገልግሎት ለየብቻ ይጥቀስ፤ የመመለሻ ትኬቷን ማን እንደሚከፍል፣ ተመልሳ እስክትቋቋም ስንት ወር እንደምትደጎም፣ ቀብሩ የት እንዲሆን ሁለቱ እንደተስማሙ ይጻፍበት። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሰላምታ ሲልክ ጵርስቅላን ከባሏ ከአቂላ አስቀድሞ ጠርቷታል (ሮሜ 16፥3)። የእኛ ደብዳቤ ቢያንስ ሁለተኛ መስመር ላይ ይጥራት።