«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት»፦ ትርጉሙና ሥሩ

ሌባው አጥሩን ዘሏል፤ ውሻውን አታሏል፤ ጓዳ ገብቷል። ባለቤቶቹ እንቅልፍ ላይ ናቸው። እጁን ወደ ሣጥኑ ሲሰድድ ጉሮሮውን ከረከረው። ለማፈን ሞከረ፤ ሳል ግን ሲያፍኑት ይብሳል። «እህ!» አለ፤ ቤቱ ሁሉ ነቃ። ያጋለጠው ውሻው ወይም ጎረቤቱ ሳይሆን የገዛ ደረቱ ነው። ተረቱ ቂም ይዞ የሚጸልየውን ሰው ከዚህ ሌባ ጎን ያቆመዋል። ጸሎተኛን ከሌባ ማስተካከል ድፍረት ይመስላል፤ የተነጻጸረው ግን ሥራቸው ሳይሆን መክሸፋቸው ነው። ሁለቱንም ባዶ እጃቸውን የሚመልሳቸው ይዘውት የገቡት ነገር ነው።

አባባሉ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ሦስት ቃል በሦስት ቃል ሆኖ «ጸሎት» እና «ስርቆት» ቤት ይመታሉ፤ «አይሆንም» የሚለውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ቁልፉ ሁለት ጊዜ የተደገመው «ይዞ» ነው። በዘወትር ንግግራችን ሳል እኛን ይይዘናል፤ «ሳል ያዘኝ» እንላለን። ቂም ላይ ስንደርስ ያዡ ይለወጣል፤ «ቂም ያዘብኝ» ስንል ያዡ ሰውየው ነው። ተረቱ ለዜማው ብሎ ሳሉንም «ይዞ» አደረገው እንጂ ልዩነቱ አልጠፋም። ሳል በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ቂም የሚለቀቀው የያዘው ሰው ሲለቀው ነው።

ቂመኛው በጸሎቱ መካከል የሚያስልበት ቦታ የታወቀ ነው። «በደላችንን ይቅር በለን፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ነው። በአባታችን ሆይ ካሉት ልመናዎች የእኛ ሥራ የተጠቀሰበት ይህ ብቻ ነው፤ ጌታም ጸሎቱን አስተምሮ እንደጨረሰ ተመልሶ ያብራራው ይህንኑ ነው (ማቴ. 6፥14-15)። ግእዙ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ» ይላል። ኀደገ ማለት ተወ፣ ለቀቀ ነው። የአማርኛው «ይቅር»ም «ቀረ» ከሚለው የመጣ ነው፦ ወደ ኋላ ይቅር፣ አይከተለን። ቂም መያዝ ከሆነ ይቅርታ መልቀቅ ነው፤ ቋንቋው ራሱ ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሟቸዋል።

የተረቱ ሐሳብ ቁልጭ ብሎ የሚገኘው ማርቆስ 11፥25 ላይ ነው፦ «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ… በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት።» እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሰውየው ለጸሎት ቆሟል፤ በዳዩ አጠገቡ የለም። «መጥቶ ቢለምናችሁ» የሚል ቃልም የለም። «በማንም» ሲል በዳዩን አልመረጠም፤ «አንዳች» ሲል በደሉን አልመዘነም። ትእዛዙ የሚፈጸመው እዚያው በቆሙበት ነው። ለበዳዩ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ አለው፦ ወንድምህ እንደተቀየመህ ትዝ ካለህ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ (ማቴ. 5፥23-24)። ሁለቱም ወገን «አንተ ቅደም» ተብሏል፤ ማናቸውም ሌላውን የሚጠብቅበት ምክንያት አልተተወለትም። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» (በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ብሎ የሚያዝዘውም ሕዝቡ ወደ ቁርባኑ ሳይቀርብ ነው።

ሽምግልና ላይ ግን ሌላ ተረት ይመጣል፦ «የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ።» ስለ ሰው ትዝታ የተናገረው እውነት ነው። ግን የወጋው ከረሳ ይቅርታ የሚጠይቀው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ለቂም ማጽኛ የሚጠቀሰው ይህ ተረት፣ በደንብ ካዩት ይቅርታ መጠየቂያውን ቀን መጠበቅ ከንቱ መሆኑን ነው የሚያስረዳው።

በባህላችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ያጎነብሳል፤ ሽማግሌዎች ይማልዳሉ፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። መልካም ሥርዓት ነው፤ ስሙ ግን እርቅ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይቅርታ አንድ ሰው ይበቃዋል። «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው» የሚለውን (ሉቃ. 17፥3) ጠቅሶ «አልተጸጸተማ!» የሚል አለ። እዚያ የተነገረው ፊት ለፊት ስለሚደረገው እርቅ ነው ብሎ መረዳት የሚሻል ይመስለናል፤ አለዚያ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» የሚለውና እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር የለመነው ቦታ ያጣሉ።

ይቅርታና እርቅ ሲነጣጠሉ የሚታየው በዮሴፍ ነው። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለት የራብ ዓመታት አልፈው ለወንድሞቹ ራሱን ሲገልጥ 39 ገደማ ሆኖታል። ራቡ ከመምጣቱ በፊት ግን የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎት ነበር፤ «እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ… አስረሳኝ» ሲል ነው (ዘፍ. 41፥51)። ወንድሞቹ ያኔ ከነዓን ናቸው፤ ይቅርታ የጠየቀው የለም። (ረሳሁ ያለውን ነገር ልጁን በጠራ ቁጥር ያነሣው እንደነበር ልብ ይሏል። የረሳ ሰው እንዲህ ያለ ስም አያወጣም።)

እህል ሊሸምቱ ሲመጡም ወዲያው አላቀፋቸውም። ሦስት ቀን አሰራቸው፤ ስምዖንን አስቀረ፤ ጽዋውን በብንያም ዓይበት አስከተተ። ቀድሞ «እንሽጠው» ያለው ይሁዳ አሁን ስለ ብንያም «እኔ ባሪያ ልሁን» ሲል ነው ዮሴፍ በፊታቸው እንባው ያመለጠው። ልቡ ቀድሞ ለቋል፤ አመኔታው ግን ፈተናውን ጠበቀ። የወንድሞቹ ልመና የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፦ ያዕቆብ 17 ዓመት በግብፅ ኖሮ ሲሞት «ምናልባት ይበቀለን ይሆናል» ብለው ፈሩና መልእክት ላኩበት (ዘፍ. 50፥15-17)። ከተሸጠ 39 ዓመት ሊሆነው ነው። ሲነግሩት አለቀሰ።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ መጀመሪያ በደሉን በስሙ መጥራት ነው። «በደለኝ» አይበቃም። «የተበደረኝን 20 ሺህ ብር ካደኝ»፣ «በሰርጉ ቀን በሰው ፊት አዋረደኝ» ይባል፤ ያልተቆጠረ ዕዳ አይሰረዝም። ቀጥሎ ምን እንደሚለቀቅ መለየት ነው። ብሩን በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ የሚለቀቀው በቀሉ ነው (ሮሜ 12፥19)። ከዚያ ስሙን ጠርቶ ይጸለይለታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ ይተሳሰራል፤ የሚጠበቅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ትዝ ሲል ንዴቱ ቢመለስ ይቅርታው ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ያንኑ በደል ደግሞ መልቀቅ ነው። «ሰባ ጊዜ ሰባት» 490 ነው፤ ለአንድ ቁስልም ሊያስፈልግ ይችላል።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው፣ በደሉን ጨርሶ ወደማያውቅ ሰው ደጅ ሄዶ «ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ነው። «ምን አድርጌህ?» ይላል፤ ይቅርታው ክስ ይሆንና አዲስ ጠብ ይወለዳል። መነጋገር ካስፈለገ ወንጌል «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ብሏልና በደሉ ይነገረው፣ ምሕረቱ ግን እንደ ደረሰኝ አይቆረጥለት። ሁለተኛው፣ ሽማግሌ ቆሞ፣ ድንጋይ ተሸክመውለት፣ ሰው ሁሉ እያየው በይሉኝታ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ማለት ነው፤ ያ ሰው ማታ ለጸሎት ሲቆም ያስላል። ስለዚህ ብልህ ሽማግሌ ተበዳዩን ከዋዜማው ለብቻው ያነጋግረዋል። ሦስተኛው ይከፋል፦ የምትደበደብን ሚስት «ይቅር በይ» ብሎ በዚያው ቀን ወደ ደብዳቢዋ ቤት መመለስ። ይቅር ማለቷ የእሷና የእግዚአብሔር ነው፤ መመለሷን የሚወስነው የእሱ ለውጥ ነው፤ ዮሴፍም ለገዛ ወንድሞቹ ጽዋ ደብቋል።