የሚያዙና የማይጽፉ የኪቦርድ ቁልፎች፦ ጽዳትና ጥገና

የኮምፒውተር ኪቦርድ ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ እጅ የማይለየው፣ አቧራና ፍርፋሪ የሚረግፍበት፣ ሻይና ማኪያቶ የሚደፋበት ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት ከሌሎቹ ቀድሞ ይበላሻል። ብልሽቱ በጥቅሉ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቁልፉ ሲጫኑት ወርዶ ቶሎ አልመለስ ሲል ነው፤ ይህ የሚያዝ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ቁልፉ እንደ ወትሮው እየወረደ እየተመለሰ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም ሳይጽፍ ሲቀር ነው። የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ችግር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በጽዳት ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ችግር ስለሆነ ከላይ የቱንም ያህል ቢጠርጉት ላይለወጥ ይችላል። ብዙ ሊድን የሚችል ኪቦርድ የሚጣለው ሁለቱን ሳይለዩ መፍታት ስለሚጀመር ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የአንድ ቁልፍ ብልሽት ጉዳቱ ሰፊ ነው። የፊደሉን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እየመቱ በሚጻፍበት የአጻጻፍ ስልት አብዛኛው ፊደል የሚወጣው ተነባቢውና አናባቢው ተከታትለው ሲመቱ ነው። ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድሱን ይሰጣል፤ የእንግሊዝኛው «ኢ» (E) ቁልፍ ሲከተለው ግዕዙ ይወጣል። እንግዲህ የ«ኢ» ቁልፍ ዝም ካለ «ለበሰ» ብሎ የመታ ሰው «ልብስ» ያገኛል፤ «ከፈለ» ያለውም «ክፍል»። ስሕተቱ ራሱ ትክክለኛ ቃል ሆኖ ስለሚወጣ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። በፍርድ ቤቶች አካባቢ ማመልከቻ በሚጻፍባቸው ትንንሽ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ስሕተት የሰውን ጉዳይ ያበላሻል። ሺፍት ሲያዝ ደግሞ በብዙዎቹ አቀማመጦች «ተ» ወደ «ጠ» ቤት ይዞራል። ጥቂቶቹ የአናባቢ ቁልፎች የፊደሉን ገበታ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ስለሚሸከሙ ከሌሎቹ በፊት የሚያልቁትም እነሱ ናቸው።

ከቆቡ ሥር ያለው

በቢሮዎችና በኢንተርኔት ቤቶች የሚታየው ርካሽ ኪቦርድ ሜምብሬን የሚባለው ነው። ከላይ የፕላስቲክ ቆብ አለ፤ ከቆቡ ሥር እንደ ጉልላት ያበጠ ላስቲክ፤ ከላስቲኩ ሥር ደግሞ ተደራርበው የተነጠፉ ሦስት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች። በላይኛውና በታችኛው ንጣፍ ላይ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ወይም የካርቦን ቀለም መስመሮች ታትመዋል። መካከለኛው በየቁልፉ ትክክል ቀዳዳ ያለው መለያ ነው። ጣት ቆቡን ሲጫን ላስቲኩ ይሰረጉዳል፤ የላይኛው ንጣፍም በቀዳዳው አልፎ ታችኛውን ይነካል፤ ፊደሉ የሚጻፈው ያኔ ነው። ጣት ሲነሳ ላስቲኩ ቆቡን ወደ ቦታው ይመልሳል። መመለስ የላስቲኩ ሥራ፣ መጻፍ የንጣፎቹ ሥራ መሆኑን የያዘ ሰው ምርመራውን ግማሽ ጨርሷል። የሚያዝ ቁልፍ ሲገጥም የሚጠረጠረው ላስቲኩና ከእሱ በላይ ያለው ነው፤ የማይጽፍ ሲገጥም ከላስቲኩ በታች ያለው።

መስመሮቹ የተዘረጉበት መንገድም ለምርመራ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ለመቶ ያህል ቁልፎች መቶ የተለያየ ሽቦ አይዘረጋም። መስመሮቹ እንደ ወንፊት በቁመትና በአግድም ተሰናስለው እያንዳንዱ ቁልፍ በአንድ መገናኛ ላይ ይቀመጣል፤ 8 መስመር በ16 መስመር ሲሰናሰል 128 መገናኛ ይሰጣል። በኪቦርዱ ውስጥ ያለው ትንሽ ቺፕ መስመሮቹን በተራ እየፈተሸ የተነካውን ይለያል። አንድ ቁልፍ ብቻ ካልጻፈ ችግሩ እዚያው ቁልፍ ሥር ነው። አራት አምስት ቁልፎች፣ በተለይ ጎን ለጎን ያልሆኑ፣ በአንድ ቀን ዝም ካሉ ግን የተቆረጠው የጋራ መስመራቸው ወይም ቺፑ ወዳለበት ቦርድ የሚሄደው ጠፍጣፋ ሽቦ (ፍላት ኬብል) ነው። እንዲህ ሲሆን ቆብ መንቀል ትርፉ ቆብ መስበር ብቻ ነው።

በላፕቶፕ ላይ ቆቡን የሚደግፈው እንደ መቀስ የተጠላለፈ ሁለት ስስ የፕላስቲክ ክፈፍ ነው። ቆቡ በዝቅተኛ ርቀት ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ማያያዣ ጥርሶቹ ግን በጣም ስሶች ስለሆኑ በቸኮለ እጅ ይሰበራሉ።

ሜካኒካል የሚባሉት ኪቦርዶች ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግና የብረት ኮንታክት (መገናኛ) ያለው ማብሪያ (ስዊች) አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚመረተው የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ ኤም ኤክስ ማብሪያ የዚህ ወገን መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። የእነዚህ ዋና ሕመም አንዴ ተመትቶ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። መንስኤው ኮንታክቱ ላይ የተቀመጠ ቆሻሻ ወይም የብረቱ መድከም ነው።

ትንሽ ፍርፋሪ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ያሳየው አፕል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ላይ ቢራቢሮ የተባለ እጅግ ስስ የቁልፍ አሠራር አስገባ። ከቆቡ ሥር የቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለነበር ቁልፎቹ ይያዙ፣ ፊደል ይደግሙ ወይም ዝም ይሉ ጀመር። አፕል በ2018 ነፃ የጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ በ2019 መጨረሻ ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮን ሲያወጣ ወደ መቀስ አሠራር ተመለሰ፤ በ2022ም በአሜሪካ የቀረበበትን የጋራ ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። ዕቃን ለማሳሳት ተብሎ የመጠገን ዕድሉን መንፈግ ተገቢ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም ብዬ አምናለሁ።

ከመፍታት በፊት

ሳይበላሽ የተበላሸ የሚመስል ኪቦርድ ብዙ ነው። በዊንዶውስ የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተጭኖ መቆየት ፊልተር ኪስ የተባለውን አሠራር ይጠራል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ጠቃሚ ነገር ነው፤ ሳይታወቅ ሲበራ ግን ፈጠን ብለው የተመቱ ቁልፎችን ኮምፒውተሩ ስለሚዘላቸው ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል። ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ መምታት ደግሞ ስቲኪ ኪስን ይጠራል፤ ያኔ ሺፍት የተያዘ ይመስላል። የአማርኛ ጸሐፊ ሺፍትን አዘውትሮ ስለሚነካ በሚወጣው ጥያቄ ላይ ሳያነብ «እሺ» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ሁለቱም በቅንብሩ ውስጥ በተደራሽነት ክፍል ይጠፋሉ።

ቀጥሎ የሚሠራው ፈተና ቀላል ነው። ስክሪን ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ከፍቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መምታት፤ የሚሠራው ቁልፍ ሥዕሉ ላይ ይበራል። በላፕቶፕ ሌላ የዩ ኤስ ቢ ኪቦርድ ሰክቶ ማየትም ይጠቅማል። የተሰካው ደኅና ከጻፈ ብልሽቱ የላፕቶፑ ኪቦርድ ወይም የኬብሉ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ቁልፍ በአማርኛ ብቻ እምቢ ካለ ግን ነገሩ የኪቦርዱ ሳይሆን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙ ነው።

ጽዳት

ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ኪቦርዱ ይነቀላል፤ ከዚያም በስልክ ፎቶ ይነሳል። ቆቦቹ ከተነቀሉ በኋላ የትኛው የት እንደነበር ማስታወስ ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል። ኪቦርዱን ገልብጦ ጀርባውን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ብዙ ፍርፋሪ ያወርዳል። የቀረው በደረቅ የጥርስ ብሩሽና በጥገና ቤቶች በሚገኘው ብሎወር ይወጣል። ብሎወሩን በቀጥታ ከላይ መንፋት አቧራውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ኪቦርዱ አዘንብሎ ተይዞ ከጎን መነፋት አለበት። አፕል ለማክቡኮቹ የሚመክረው ላፕቶፑን ወደ 75 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ የታመቀ አየር ከግራ ወደ ቀኝ መንፋት ነው።

የዴስክቶፕ ኪቦርድ ቆቦች በሁለቱም ጎን እኩል ተስበው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይነቀላሉ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥበው አንድ ሌሊት ይደርቃሉ። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ስፔስ፣ ኢንተርና ሺፍት ሰፋፊ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ከሥራቸው ሚዛን የሚጠብቅ ቀጭን የብረት ዘንግ አላቸው፤ ዘንጉ ከማቀፊያው ሳይወጣ ቆቡን መሳብ ማቀፊያውን ይሰብራል። ልምድ የሌለው ሰው እነዚህን ሳይነቅል ዙሪያቸውን ብቻ ቢያጸዳ ይሻላል። የላፕቶፕ ቆብ ደግሞ እንደ ሞዴሉ ጥርሱ ያለበት ጎን ስለሚለያይ ችግር ያለበት ቁልፍ ብቻ እንጂ ሁሉም አይነቀልም።

በፈሳሹ ምርጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አልኮል ከሁሉም ይበልጣል ተብሎ ስለሚታመን ለማንኛውም ነገር የሚፈለገው 99 በመቶው ነው። አልኮል የጣት ቅባትን በደንብ ያነሳል፤ ቶሎ ስለሚደርቅም ለኤሌክትሮኒክስ ይስማማል። ስኳርን ግን አያሟሟም ቢባል ይቀላል። ስኳር የሚሟሟው በውሃ ነው። ቁልፉን ያጣበቀው የሻይ ወይም የለስላሳ መጠጥ ስኳር ከሆነ፣ ውሃ የተቀላቀለበት ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ከንጹሑ ይልቅ ይሠራል። ከዚያም የተሻለው ጥጥን በተጣራ ውሃ አርጥቦ ስኳሩን ማንሳት፣ ቀጥሎ ውሃውን በአልኮል መጥረግ ነው። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ መሙያ ይሸጣል፤ አሲዱ ከዚሁ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሸጥ ግን ከመግዛት በፊት በደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ሁልጊዜ በጥጥ ወይም በጨርቅ ይነካል እንጂ ኪቦርዱ ላይ አይፈስም። ከተነካ በኋላ ቁልፉን ሃያ ሠላሳ ጊዜ እየተጫኑ ማላወስ፣ ከዚያ ማድረቅ ነው።

ቲነር፣ ቤንዚንና አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይነኩም። ብዙዎቹ ቆቦች የተሠሩበትን ኤ ቢ ኤስ ፕላስቲክ ያቀልጡታል፤ በላዩ የታተመውንም ፊደል ያጠፋሉ። ደብልዩ ዲ 40 እና የመሳሰሉት ቅባቶች ለሁለት ቀን ቁልፉን ያለሰልሱና ከዚያ አቧራ ሰብስበው ከቀድሞው የባሰ ያጣብቁታል። እንደ ጄል የሚዝለገለገው የእጅ ሳኒታይዘርም አልኮል ስላለበት ብቻ አይመረጥም፤ ዝልግልጉ እዚያው ይቀራል።

ፈሳሽ ሲደፋ

እዚህ ላይ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። ላፕቶፑ ፋይል ይቀመጥ ሳይባል የማብሪያ ቁልፉ ተይዞ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይወጣል። ቀጥሎ ስክሪኑ ተከፍቶ ኪቦርዱ ወደ ታች እንዲዞር እንደ ድንኳን ይቆማል፤ ፈሳሹ ወደ ማዘርቦርዱ እንዳይወርድ። የሚያጠፋው እርጥበቱ ብቻ አይደለም። በርጥብ መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ ይበላል፤ «ይሠራ እንደሆን» ተብሎ የሚደረገው ሙከራ ነው ብዙውን የሚገድለው። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጥቅም የለውም፤ ዱቄቱ ይገባል እንጂ ከቁልፍ ሥር ያለውን ሻይ አይስብም። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀትም ላስቲኩንና መቀሱን ያጣምማል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሊድን ይችላል። ወተትና ስኳር ያለበት ከሆነ መድረቁ መዳኑ ስላልሆነ ተፈቶ መታጠብ አለበት። ቲንክፓድን የመሳሰሉ አንዳንድ የቢሮ ላፕቶፖች ከኪቦርዱ ሥር የፈሳሽ መውረጃ ቀዳዳ ስላላቸው እነሱን መገልበጥ ሳይሆን አጥፍቶ ቀጥ እንዳሉ ማንሳት ፈሳሹን በመንገዱ ያስወጣዋል።

ጥገና

የሜምብሬን ኪቦርድ ብሎኖቹ ከጀርባ ናቸው፤ አንዱ ብዙ ጊዜ በተለጠፈው ወረቀት ሥር ይደበቃል። ሁሉም ወጥተው አልከፍት ካለ የተረሳ ብሎን አለ ማለት ስለሆነ መፈልቀቅ የለበትም። ንጣፎቹ ለብ ባለ ውሃ ታጥበው በመካከላቸው ጠብታ ሳይቀር ሙሉ ቀን ይደርቃሉ። የጠቆረ ወይም የተቆረጠ መስመር ካለ በመልቲሜትር ይፈተሻል፤ በኤሌክትሪክ አስተላላፊ የብር ቀለም ቀጭን መስመር ሥሎ ማገናኘትም ይቻላል። በቀለጠ ሊድ መበየድ (ሶልደር) አይሞከርም፤ ፕላስቲኩ ወዲያው ይቀልጣል። የላላ ወይም የተቀደደ ላስቲክ ከማይፈለግ ቁልፍ ሥር ወስዶ መተካት ይቻላል፤ የቀኝ ኮንትሮልን ወይም ስክሮል ሎክን ሠውቶ የ«ኢ»ን ቁልፍ ማዳን አዋጭ ንግድ ነው።

ሜካኒካል ኪቦርድ ላይ የታመመው ማብሪያ ብቻውን ይቀየራል። በአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ላይ ያለ ሶልደር ይነቀላል፤ በሌሎቹ ሁለት እግሮቹ ላይ ያለውን ሊድ አቅልጦ ማውጣት ይጠይቃል።

ላፕቶፕ ላይ ግን ውስጡ የተበላሸ ኪቦርድ በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። በቀድሞዎቹ ጥቂት ብሎን ፈትቶ ማንሳት ይበቃ ነበር። አሁን በብዙዎቹ ኪቦርዱ ከላይኛው አካል ጋር በቀለጡ የፕላስቲክ ችንካሮች ስለሚያያዝ ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ የእጅ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይንራል። መለዋወጫው የሚገዛው በላፕቶፑ ስም ሳይሆን በኪቦርዱ ጀርባ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ አንድ ስም ባላቸው ሞዴሎች መካከል እንኳ የብሎን ቦታና የኬብል ርዝመት ይለያያል። ፍላት ኬብሉ የሚገባበት መያዣ እንደ ጥፍር የሚነሳ ስስ መቆለፊያ አለው። ኬብሉ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቆለፊያው ካልተመለሰ አዲሱ ኪቦርድ እንደ አሮጌው ጥቂት ቁልፎችን ይዘላል፤ ብዙ ደንበኛም ዕቃው ብልሹ ነው ብሎ ለመመለስ ወደ ሱቁ የሚሄደው ለዚሁ ነው።